ከእኔ በቀር ሁሉም የሚያውቀው ቱቦ

ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ቱቦ ይዤ ዞሬያለሁ። ባሌ ያውቃል። ወንድሜ ያውቃል። ያስገባው ሐኪም፣ ያውም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ያውቃል። ጎረቤቴ ወርቅነሽ ሳትቀር ታውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሆዱ ደግሞ የእኔ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፣ ግድ የለኝም፤ ከሳቀ በኋላ ግን እቤቱ ለተኛው በሽተኛ ምን ምን እንደደበቀው ያስብ። የምጽፈው ለዚያ ነው።

ስሜ ፋጡማ ነው፤ የአሰላ ልጅ ነኝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት። ባቄላና ተልባ እነግዳለሁ፤ በገበያ ቀን ገጠር ሄጄ ከገበሬው እገዛለሁ፣ አሰላ አምጥቼ እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስቆይ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ገበያ የምትውል ሴት ውሃ አትጠጣም። ምክንያቱን ለሴት ማስረዳት አያስፈልግም። ለወንዱ ግን ላስረዳ፤ እኔ የምውልባቸው ገበያዎች ሽንት ቤት የላቸውም። ወንዱ ዞር ብሎ አጥር ይፈልጋል፤ እኛ ከንጋት እስከ አስር ሰዓት ይዘን እንውላለን። በኋላ አንዱ ሐኪም፣ «እናቴ፣ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውሃ ባለመጠጣት ነው፤ ለምን አይጠጡም ነበር?» ብሎ ሊቆጣኝ ሞከረ። ቀረጥ እየሰበሰበ አንድ ጉድጓድ ያላስቆፈረውን ሰው ይቆጣ እንጂ እኔን ምን አድርጊ ይለኛል?

ሕመሙ የጀመረኝ ከሳጉሬ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ግራ ጎኔን፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ከዚያ ወደ ብሽሽቴ ወረደ። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ምጥ አውቃለሁ፤ ምጥ ግን ቢያንስ መጨረሻው ልጅ ነው። ሾፌሩ አቁሞ አወረደኝ፤ መንገድ ዳር ቁጭ እንዳልኩ አስመለሰኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ ጠጋ ብላ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ወገቤን ሳይነካ ደሜን ወሰደና ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ አለኝ። በእኛ አገር ታይፎይድና ታይፈስ የሌለበት ሰው ክሊኒክ ገብቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለኝ፤ በርበሬ ከለከለኝ። የአርሲን ሰው በርበሬ መከልከል ራሱ በሽታ ነው። ሦስተኛው ስልክ እያወራ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለኝ፤ ጎኔን በእጄ ሳሳየው እሱ የሚያየው ስልኩን ነበር። የወገብ መርፌ ወጋኝና ሸኘኝ። በእነዚህ ክሊኒኮች አግዳሚ ላይ ሦስት ወር ተመላለስኩ። ከዚያ ሁሉ መቀመጥ በደግ የማነሳው አንድ ቀን ነው፤ ልጇን ልታሳክም ከዴራ የመጣች የማላውቃት ሴት ስቃትት አይታ፣ ካርዷን በካርዴ ላይ አስቀምጣ «እሷ ትቅደም፤ የኔ ልጅ ተኝቷል» አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። አላህ ልጇን ያሳድግላት።

አራተኛው ቦታ አልትራሳውንድ አነሱኝ። ይህ ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በቴሌቪዥን የሚያዩት ምርመራ ነው። መርማሪው ዝም ብሎ ብዙ አየና «የኩላሊት ጠጠር ነው፤ ከኩላሊትዎ ወጥቶ የሽንት መውረጃው ላይ ተወትፏል። የባቄላ ፍሬ ያህላል» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ባቄላ የሸጥኩ ሰው በመጨረሻ ባቄላው ወደ እኔ መጣ አልኩና ሁለታችንም ሳቅን። ቢያንስ የበሽታዬን ስም አወቅሁ። በሽታ ስሙ ሲታወቅ ግማሹ ይቀልላል።

ያን ቀን ማታ ወርቅነሽ መጣች። ወርቅነሽ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል።

«ፋጡማዬ፣ ለጠጠር ቢራ ነው። ጠራርጎ ያወጣዋል» አለችኝ።

«ወርቄ፣ እኔ ቢራ ልጠጣ?»

«ለመድኃኒት ነው እንጂ ለጭፈራ ነው እንዴ? አላህስ ይህን ያጣዋል?»

«አላህ አያጣውም፤ አባ ረሺድ ነው የሚያጣው» አልኳት። አባ ረሺድ ባሌ ነው፤ በትልቁ ልጃችን ስም እንጠራዋለን።

ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ቢራውም ከገብስ ነው፤ ከገብሱ እንጀምራ» ብላ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ገብስ ቀቅላ ውሃውን በፔርሙዝ ታመጣልኝ ነበር። ጠጠሩን አላወጣውም። እሷን ግን ከልቤ አያወጣትም።

ሐኪሞቹ ጠጠሩ በራሱ የሚወጣ አይደለም፣ በሌዘር መሰበር አለበት፣ ለዚያ አዲስ አበባ ሂጂ አሉኝ። ሌዘር ሲሉኝ እሳት መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሆድ አይቀደድም። በሽንት መውጫ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ነገር ያስገባሉ፣ በእሱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ጨረር የሚያወጣ መሣሪያ ይሄዳል፣ ጨረሩ ጠጠሩን አድቅቆ እንደ አሸዋ ያደርገዋል። ፈሪ ሁሉ ይህን ይስማ፤ ሕክምናው ራሱ መልካም ሕክምና ነው። ጊደራችንን ሸጠን ሄድን። ታናሽ ወንድሜ ጀማል አስታመመኝ። ጀማል መምህር ነው፤ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ወረቀት ይገባዋል ብለን እሱን ይዘን ሄድን። አደንዝዘውኝ ተኛሁ፤ ስነቃ ጠጠሩ የለም አሉኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

በደሌ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ልወጣ ስል ሐኪሙ ቢሮ ገባን። እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ ጀማል ከጎኔ ቆሟል። ሐኪሙ እኔን ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ወደ ጀማል ዞሮ በእንግሊዝኛ ጀመረ። ኦሮምኛ የአፌ መፍቻ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከማንም አላንስም። በሁለቱ ሊደብቁኝ አይችሉማ። ሦስተኛ ቋንቋ አመጡ። ጀማል ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጠይቃል፣ ሐኪሙ በእጁ ከላይ ወደ ታች አንድ ነገር ያሳያል። ስንወጣ ጠየቅሁት።

«ምን አለ?»

«አልቋል እቴቴ። ውሃ ትጠጣ ነው ያለው።»

«ይህን ለማለት ሩብ ሰዓት?»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው» አለኝ።

እኔም ሞኟ ሳቅሁለት።

ሐኪሙ ያለው ሌላ ነበር። ጠጠሩ ሲሰበር የሽንት መውረጃው ያብጣል፤ እንዳይደፈን ከኩላሊት እስከ ፊኛ ቀጭን ቱቦ አስቀምጠናል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ አምጧት፣ ይወጣል፣ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ከቆየ ግን ጠጠር ይይዝበታል፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። ይህ ነው። ሁለት ደቂቃ በአማርኛ። «ቱቦ» የሚለውን ቃል ጓሮ የሚያጠጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ስሰማው እሞት ነበር?

እነሱ እሞታለሁ ብለው አስበዋል። በእኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ ነገር አይነገርም። ሰው የወንድሙን መርዶ እንኳ ተደብቆበት ይሰነብታል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጀማል ከሆስፒታሉ በር ለአባ ረሺድ ደውሎ ነገሩን አጫወተው። አባ ረሺድ፣ «ሆድሽ ውስጥ ዕቃ ቀርቷል ብንላት እህል አትቀምስም። ዝም በል፤ ቀኑ ሲደርስ በዘዴ እንወስዳታለን» አለ። ዘዴውን ስሙልኝ። የአባ ረሺድ የእህቱ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ታጭታ ነበር፤ ሰርጓ ከረመዳን በኋላ ነው። ሰርግ እንሂድ ብለው ሊወስዱኝ፣ እዚያ ከደረስን በኋላ «እግረ መንገድሽን ሐኪሙ አንዴ ይይሽ» ሊሉኝ ተማከሩ። ሰርጉ ወደ አረፋ ተላለፈ። ቱቦውም አብሮ ተላለፈ። ከአረፋ በኋላ የሙሽራው አባት ሞተ፤ ሐዘን ባለበት ደግሞ ሰርግ የለም። የእኔ ኩላሊት የሰው ሙሽራ መጠበቅ ጀመረ።

ሌላ ሰበብ አልነበረም? ነበር። ግን ጊዜው ባለፈ ቁጥር ነገሩ የሚነገር ሳይሆን የሚታፈርበት ሆነ። ጀማል አባ ረሺድ ይነግራታል ይላል፤ አባ ረሺድ ወረቀቱ ያለው ጀማል ጋር ነው ይላል። ወርቅነሽን ምክር ብለው ጠየቋት፤ እሷም «እኔ ምን አገባኝ፣ የቤታችሁ ጉዳይ ነው» ብላ አለቀሰች። ማልቀስ ብቻ።

እኔስ ምን ሆኜ ነበር? በየሩብ ሰዓቱ ሽንቴ ይመጣል። ስሸና ጎኔን ይወጋኛል። ገበያ ከዋልኩ ወይም ዕቃ ካነሳሁ ሽንቴ ቀልቶ ይወርዳል። ይህን ለአባ ረሺድ ስነግረው ፊቱ ይጠቁራል፣ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ስልክ ይደውላል። እቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጀማል ሲመጣ ሁለቱ በር ላይ ይንሾካሾካሉ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የአባ ረሺድ ዝምታ ነው። ሠላሳ ዓመት በወጥ ጨው የተጨቃጨቀኝ ሰው፣ ጨው የረሳሁበትን ወጥ «ይጣፍጣል» ብሎ በላ።

ያኔ ገባኝ። ገባኝ ስል፣ የተሳሳተው ነገር ገባኝ። ያ በሽታ ነው አልኩ። እኛ ዘንድ ካንሰርን በስሙ አይጠሩትም፤ «ያ በሽታ» ይሉታል። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት በእንግሊዝኛ የተናገረው እሱን ነው፤ የሚንሾካሾኩት ስለ እሱ ነው፤ ዕድሜዬ አልቋል። እንዳልጠይቅ ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ምንም የለብሽም» ነው የሚሉኝ። የሚዋሽህን ሰው መጠየቅ ጥቅሙ ምንድን ነው? አልጠየቅኩም። ሞቴን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ተኝተው ሲያንኮራፉ እኔ ጣራ እያየሁ ልጆቼን እቆጥር ነበር፤ ሁለት ናቸው፣ ግን ደጋግሜ እቆጥራቸዋለሁ።

የወርቅ ጌጤን ለሴት ልጄ ሰጠሁ። ንግዱን ለእህቴ ልጅ ማስለመድ ጀመርኩ። ከዚያ «አፉ በሉኝ» ማለት ያዝኩ፤ ሙስሊሙ ከመሞቱ በፊት ሰዎችን ይቅር በሉኝ የሚልበት ነው። ባቄላ ያጎደልኩባት የመሰለኝን የኢተያ ደንበኛዬን ሳይቀር ፈልጌ አፉ አስባልኩ። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባ ረሺድን እንዲህ አልኩት።

«አባ ረሺድ፣ በሠላሳ ዓመት ያስቀየምኩህ ካለ አፉ በለኝ።»

መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። 

«አፉ ብያለሁ ፋጤ። አንቺም አፉ በዪኝ» አለኝ።

እንግዲህ ይህን የሚል ባል ሚስቱ እንደማትድን ያወቀ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱ የሚለምነኝ ይቅርታ የቱቦው እንደሆነ በምን ልወቅ? ከዚያ የቀረበ ዕድል አልነበረውም፤ አፉን ከፍቶ ነበር እኮ። ያኔ እንኳ አልነገረኝም።

በኅዳር ብርድ ብርድ አለኝ፤ ትኩሳት ያዘኝ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ጀማል ደግፎ አሰላ ሆስፒታል ወሰደኝ። ተረኛዋ ሐኪም ልጄ የምትሆን ወጣት ሴት ነበረች። ራጅ አስነሳችኝ። ፊልሙን ሰክታ አየችና ወደ እኔ ዞረች፤ ወደ ጀማል አይደለም፣ ወደ እኔ።

«እናቴ፣ ይህ ቱቦ መቼ ነው የገባልዎት?»

«የምን ቱቦ?»

ጀማልን አየችው። እኔም አየሁት። ጀማል ጫማውን ያያል።

ልጅቷ ነገሩ ወዲያው ገባት መሰለኝ፣ ወንበሯን ወደ አልጋዬ ሳበች። ሁለት ጫፉ የተጠቀለለ ነጭ መስመር በፊልሙ ላይ በጣቷ አሳየችኝ። ላዩ ላይ ያለው ወፍራም ነገር ጠጠር እንደሆነ፣ ቱቦው ስለቆየ ጠጠር እንደያዘበት፣ ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ኩላሊቴ ላይ እንደተጠራቀመ፣ አሁን ትኩሳቱ ከዚያ እንደመጣ፣ አንዱን በአማርኛ አንዱን በኦሮምኛ እያደረገች ነገረችኝ። ሁሉም ገባኝ። አንድም ቃል አልከበደኝም።

«ስለዚህ ያ በሽታ አይደለም?» አልኳት።

«የቱ በሽታ?»

«ካንሰር።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠራሁት።

«ካንሰር ማን አለዎት እናቴ?»

ማንም። ማንም ምንም አላለኝም፤ ችግሩስ ይኸው አይደል። መጀመሪያ ለምስጋና ግንባሬን መሬት ደፍቼ ሱጁድ ልወርድ ቃጣኝ። ከዚያ ቁጣው መጣ። አባ ረሺድ ሲደርስ ሁለቱን አልጋዬ ግርጌ አቆምኳቸው። ዘጠኝ ወር ሞቴን ስጠብቅ፣ ጌጤን ለልጄ ስሰጥ፣ የሰው ደጅ እየዞርኩ አፉ በሉኝ ስል እያያችሁ ዝም አላችሁኝ ወይ አልኳቸው።

«እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለ አባ ረሺድ።

«በጣም ተሳክቶልሃል» አልኩት።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ይሰሙ ነበር። ይስሙ አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን፤ በሽታውን ስለደበቁበት ሰው ግን የተረተ የለም። እኔ ልተርትለት ተመኘሁ፣ ቁጣ አላስተረተኝም።

በመርፌ ትኩሳቴ ሲበርድ እዚያው አዲስ አበባ፣ እዚያው ሐኪም ዘንድ ተመለስኩ። ይህን ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ለምን አልነገሩኝም አልኩት።

«ለቤተሰብ ነግረናል» አለኝ።

«ቱቦውን ያስገቡት ቤተሰቤ ሆድ ውስጥ ነው ዶክተር?»

ብዙ ቤተሰብ ለበሽተኛው እንዳይነገር እንደሚለምናቸው፣ እነሱም ለምደውት እንደቀሩ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ይለምናሉ። የእኔዎቹ ግን አልለመኑትም ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ነው ከእኔ አልፎ የተናገረው። ይህንንም ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ተቀበልኩት፣ ግን ልቤ እስከ ዛሬ አልተቀበለም።

በአንድ ጊዜ ሊጎትቱት አልቻሉም። በቱቦው ላይ የበቀለውን ጠጠር እንደገና በሌዘር ሁለት ጊዜ በተለያየ ቀን ፈጭተው ነው ያወጡት። የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረው ሁለት ማደንዘዣ ሆነ። ከወጣ በኋላ አሳዩኝ አልኩ፤ አሳዩኝ። የተቃጠለ የዱላ ጫፍ ይመስላል። ይህን ነው ይዤ ሳጉሬ የተመላለስኩት።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ ከሐኪም ቤት ስትወጡ በራሳችሁ አፍ ጠይቁ። ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ? መቼ ነው የሚወጣው? በሉ። ወረቀቱን አስታማሚ ኪስ ውስጥ አትተዉት፤ የማይነበብ ከሆነ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ ቀኑን ብቻ በትልቁ አስጽፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አስታማሚዎችም፣ በሽተኛ ስላዘናችሁለት አይድንም። ውሃ ደግሞ ጠጡ፤ ሽንት ቤት ካጣችሁ ተሰብስባችሁ ጩኹ። እኛ የገበያ ሴቶች አሁን እየጮኽን ነው፤ ገና አልቆፈሩልንም።

ከሁለት ወር በኋላ የመጨረሻ ውጤት ልቀበል ሄድኩ። ሐኪሙ ጀማልን ውጪ ጠብቅ አለውና በአማርኛ ነገረኝ። የግራ ኩላሊቴ ቆስሏል፤ የሚሠራው ጥቂት ነው፣ ምናልባት ትንሽ ይሻሻል ይሆናል፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። ቀኙ ደህና ነው፤ በእሱ መኖር እችላለሁ፣ በየስድስት ወሩ መታየት አለብኝ። ቢያንስ ይህን ጊዜ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነበር። ከባድ ነው፤ ግን ስሰማው አልሞትኩም።

ስወጣ ጀማል ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከኅዳር ወዲህ ከስቶ ሱሪው አይቆምለትም። «ምን አለሽ እቴቴ?» አለኝ። ወላሂ፣ «ደህና ነው አለኝ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እነሱንም ያኔ እንዲህ አድርጓቸው ይሆናል። ዋጥኩትና አግዳሚው ላይ አስቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አለቀሰ። አላባበልኩትም፤ አጠገቡ ተቀምጬ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

ፊቱን በመሐረብ ጠረገና እጄን ያዘኝ።

«እቴቴ፣ ይህን አባ ረሺድ አይስማ። ደም ግፊት አለበት፣ ይደነግጣል። ቀስ ብለን በዘዴ እንነግረዋለን» አለኝ።

እጄን ከእጁ አወጣሁ። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ፊቱ ለአባ ረሺድ ደወልኩለት።